ተቀበይና ጨምሪበት

«አሁንም እምቢ አልሽው!» አሠልጣኙ ወንዳወቅ አጨብጭቦ ጨዋታውን አቆመ። «ሠርክአዲስ፣ ጓደኛሽ ‹ዶሮሽ ጠፋች› ካለሽ ‹ዶሮ የለኝም› አይባልም። የሰጠሽን ትቀበያለሽ፤ ከራስሽ ትጨምሪበታለሽ። ሳይጽፉ ሳያጠኑ የሚሠራ ቀልድ ሌላ ሕግ የለውም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው። ከሰከላ መጥታ ቡሬ ታስተምራለች፤ እሺ ማለት የከበዳት እዚህ ብቻ አይደለም። ደረሰ የሚባለው ወንድሟ ከቤት ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ክረምት አለፈ። እናቷም እሷም «ሞቷል» የሚል ሰው ደጃቸውን እንዲረግጥ አልፈቀዱም። ይህንን በዚህ አዳራሽ ላለ ለአንድም ሰው አልተናገረችም፤ የመጣችው ለመሳቅ ነው።

«እንደገና! ታከለ፣ አንተ እንግዳ ነህ። ከውጭ ግባ።»

ታከለ የእህል ደላላ ነው፤ አፉን ከከፈተ ገበያውን ሁሉ የሚያስቅ። ገና ሳይጀምር ሁሉም ጥርሱን አሳየ። እሱ ግን አልገባም። በማለዳ መርዶ ይዞ እንደመጣ ሽማግሌ ጋቢውን ሰብስቦ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ?» ድምፁ የእሱ አይደለም፤ ያረጀ ነው። «ከብቱ ደኅና ነው? እናትሽ ንግሥቴስ ደኅና ናቸው?»

የእናቷን ስም ማን ነገረው? ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል።

«እኛስ የመጣን በደረሰ ነገር ነው፣ ልጄ። በዚያ አውራ ጣቱን ማጭድ በቆረጠው። ሰው የእግዜር ነው፤ ጠንከር በይ።»

የጣቱን ጠባሳ ከቤት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። «ደረሰ የሚባል አላውቅም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ወንዳወቅ ከጥግ ሆኖ ራሱን ነቀነቀባት። እምቢ ካለች ወንድሟን ካደችው። ከተቀበለች ቀበረችው።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ አባቴ» አለች በመጨረሻ። «በደረሰ ነገር ከሆነማ ራሱን ይጠይቁት። ከእርሻ መግባቱ ነው፤ ጓዳ እግሩን እየታጠበ ነው። ደረሰ! ና ውጣ፣ እንግዳ መጥቶብናል!»

«እሰይ! ጨመረችበት!» አለ ወንዳወቅ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እሷም ትንፋሿ ተመለሰ።

ታከለ አልሳቀም። ዓይኑ ትከሻዋን አልፎ ሄደ። ከዚያ፣ ለሚገባ ሰው እንደሚደረገው፣ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ኖር!»

የፊተኞቹ ተነሡ። ቀጥሎ የኋለኞቹ ተነሡ፤ ወንበሮቹ ተንኳኩ። «ኖር! ኖር!» ወንዳወቅም ሳይቀር ተነሣ። አሁን የሚስቅ የለም። ሁሉም የሚያየው ከኋላዋ ነው።

ዝናቡ ቆሟል። ከጀርባዋ ግን እግሩን ያላደረቀ ሰው የሚራመድ ይመስል ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጣሪያው እንደሚያፈስ ታውቃለች። ዞር ብትል የምታየው ባዶ ግድግዳ እንደሚሆንም ታውቃለች፤ ያኔ መርዶው መርዶ ይሆናል።

«ኖር» የተባለ ሰው «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ሠርክአዲስ ሳትዞር ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀችለትና ያንን አንድ ቃል መጠበቅ ጀመረች።