የሜትሩ ጫፍ

ዘመንፈስቅዱስ ለአርክቴክቸር የማስተርስ ጥናቱ፣ ከኮተቤ በላይ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለ ሰው የማይኖርበት አሮጌ የድንጋይ ቤት መለካት ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ዛሬ የቀረው ጓዳው ብቻ ነበር። ጠዋት ሲደርስ የጓዳው በር ገርበብ ብሏል።

«ዛሬስ ቀደምኩህ፣ ሰነፍ! ሜትሩን አቀብለኝ» አለው የክፍል ጓደኛው ሊሊሳ፣ ከጨለማው ጓዳ ውስጥ።

ዘመንፈስቅዱስ እየሳቀ የሜትሩን ጫፍ በበሩ አሳለፈለት።

«ያዝክ?»

«ያዝኩ፤ አንብብ።»

ሦስቱን ግድግዳ ለክተው ወደ አራተኛው ሲዞሩ ስልኩ ጠራ። የደወለው ሊሊሳ ነበር።

«ዘሜ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው። ልኬቶችህን በሙሉ በራሴ ስም አስገባሁ። አማካሪያችንም ተቀብሎታል።»

የዘመንፈስቅዱስ ጥናት ያለ እነዚያ ልኬቶች ባዶ ወረቀት ነው።

«የት ሆነህ ነው የምታወራኝ?»

«የካ አባዶ፣ ቤት። በምን ዓይኔ ልይህ ብዬ ቀረሁ።» ከኋላው እህቱ ቁርስ ቀርቧል እያለች ትጠራዋለች።

«እንደ ወንድሜ ነበር የማምንህ እኮ» አለና ስልኩን ዘጋው።

በእጁ ያለው ሜትር ቀስ ብሎ ተወጠረ።

«እሱን ተወው፣ ዘሜ» አለው የሊሊሳ ድምፅ ከጓዳው፣ ከወትሮው ለስለስ ብሎ። «እኔ ይዤልሃለሁ።»