የሸዋዓለም ደጋን

«ደብረ ታቦርን ብታስሱ እንደኔ ደጋን የሚሠራ አታገኙም!» ብላ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ፎክራ ነበር ሸዋዓለም። ለነገው የትምህርት ቤት የቀስት ውድድር ብላም የቤቱን የመጨረሻ የወይራ ሳንቃ ከአባቷ በስንት ልመና ወሰደች። አሁን ግን ግቢው መሐል ቆማ ገመዱን ሳብ ስታደርገው የደጋኑ ላይኛ ጎን ለመጥ አለ፤ ታችኛው ንቅንቅ አላለም።

ዱላ ስታሳምር የምትፍቀው የጎበጠውን ነበር። ስለዚህ ያንኑ የጎበጠውን ጎን በጠርሙስ ስባሪ ፈቀፈቀችና እንደገና ሳበችው። ይቃናል ስትል ጭራሽ ባሰበት። «አሃ፣ ዘቅዝቄ ይዤው ነው!» ብላ ገለበጠችው። አሁን ደግሞ ላይኛው ደረቅ፣ ታችኛው ጎባጣ ሆነና አረፈው። እንጨት እንዴት ሐሳቡን ይለውጣል? ግራ ቢገባት ጎባጣውን ደግማ ፋቀች፣ ደግማ ሳበች። የሳሳው ጎን ሲጥ ሲል ገመዱን ቶሎ ለቀቀችው።

«እትዬ፣ ይኼ ሳንቃ ተደግሞበታል መሰለኝ» አለች፣ ደጃፍ ላይ ምስር ለምትለቅመው አክስቷ።

አክስቷ ሰፌዷን እንደያዘች ቀና አለች። «የትኛው ሥራ ፈት ይደግምበታል? እሺ ብሎ የሚታጠፍልሽን ስትፍቂው ዋልሽ፤ እንቢ ያለሽን መቼ ነካሽው?»