ለሴት ልጅ የተተከለ ዛፍ

በዚያ የጃፓን መንደር ሴት ልጅ ስትወለድ ጓሮ ውስጥ ዛፍ ይተከልላታል፤ ባል ስታገባ ዛፉ ተቆርጦ የልብስ ሣጥን ይሠራላታል። እንጨት ቀራጩ አባቷ መጋዙን ይዞ ወደ ዛፏ ሲሄድ፣ ልጅቱ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር።

«እማ፣ አባባ እሺ አሉ ማለት ነው!»

«እሳቸውን ማን ያውቃቸዋል ልጄ» አለች እናቷ፣ ከድስቱ ቀና ሳትል።

አባቷ በሩን ዘግቶ ሲቀርጽ ከረመ። መሮው ቋ ባለ ቁጥር ልጅቱ ሣጥኑ ውስጥ የምትከተውን ልብስ ታጥፋለች።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት «ነይ እዪው» ብሎ ጠራት። ሣጥን የለም። ከዛፏ ተቀርጾ የወጣው ገበታ የከበበ ቤተሰብ ነው፤ ጥርሳቸው ያለቀ ባልና ሚስት ሳህን ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ አንዲት ጎባጣ አሮጊት ሩዝ ትጨልፍላቸዋለች።

«አያቶቼ ናቸው?» አለች።

«አያቶችሽን ምን አመጣቸው? እኔና እናትሽ ነን እንጂ፣ ስናረጅ።»

«ሩዝ የምትጨልፈዋ ሴትዮስ?»

አባቷ ከአሮጊቷ ጀርባ ላይ ፍቅፋቂውን እፍ ብሎ አራገፈና፣ «አንቺ ነሽ» አላት። «በይ አሁን ምሳ አቅርቢ።»