ጸጉር የለበሰ መንጠቆ

ጽጌ ጂግ ከሚባለው የዓሣ ማጥመጃ መንጠቆ ላይ የላስቲክ ዘርፉን ከሥሩ ቆርጣ ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ቀይና አረንጓዴ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሲያዩት ያምራል። በእንዲህ ያለ ብርድ ግን ውሃ ውስጥ ሲርገበገብ ባስ የሚባለውን ዓሣ ያስደነብረዋል። በብርድ ጊዜ ዓሣ ሰነፍ ነው፤ አፉ ሥር ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ነገር ካላገኘ አይነቃነቅም።

ግሪን ሌክ በሚባለው ሐይቅ ዳር፣ ውሃው ላይ ወጣ ብሎ በተሠራው የእንጨት መድረክ ጫፍ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ካፊያው በተላጨ ራሷ ላይ ይወርዳል። ከሁለተኛው የኬሞ መድኃኒት በኋላ ጸጉሯ ትራስ ላይ መቅረት ሲጀምር የቀረውን ዛሬ ጠዋት ራሷ በማሽን አነሣችው። ኮፍያ አላደረገችም። ረስታ አይደለም።

ከኋላዋ ተረከዝ እንጨቱን እየደበደበ መጣ።

«ኮል ባደርግ ባደርግ አታነሺም! ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ስዞር ነው የቆየሁት።» ታላቅ እህቷ ተናኘ ናት። ሾርላይን በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት አንድ ቤት ነው። ትንፋሿ ሳይመለስ ከፌስታል ዊግ አወጣች። «ይሄን አድርጊ። ቅዳሜ ነው፤ ግማሹ የቸርች ሰው እዚህ ነው ዎክ የሚያደርገው።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«አውቀሽ ነው የመጣሽው?»

ጽጌ መቀሱን አነሣች። ለቸርች ሰው ሁሉ ‹ጽጌ ዳላስ ዘመድ ጋ ሄዳለች› ብላ የነገረችው ተናኘ ናት። ከዚያ ወዲህ መጋረጃው አይከፈትም። እንግዳ ሲመጣ ጽጌ መኝታ ቤት ገብታ፣ ሳሏን በትራስ አፍና፣ እስኪሄዱ ትጠብቃለች።

መንጠቆው ሣር እንዳይዝ የሚከላከለውን የናይለን ብሩሽ በመቀሱ አሳጠረችው። ብሩሹ ከረዘመ ዓሣው ነክሶ ይሄዳል እንጂ አይያዝም። የመንጠቆውን ጫፍ መድኃኒቱ ባጠቆረው ጥፍሯ ላይ ሞከረችው። ቧጠጠ። ደግ ነው። ከዚያ ከትንሽ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጣት የሚያክል ጥቁር ጸጉር መዘዘች።

ተናኘ ጎንበስ ብላ አየች። «ጽጌ! ያ ጸጉርሽ አይደለም?»

«ነው።»

«ለዓሣ?!»

«ለቆሻሻ መጣያው ልስጠው?»

«በኢየሱስ ስም! ሰው ምን ይላል?»

ጽጌ ጸጉሩን የላስቲኩ ዘርፍ በነበረበት ቦታ አድርጋ በክር ትጠመጥም ጀመር። ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ክሩ ሁለቴ አመለጣት። በሦስተኛው ጫፉን በጥርሷ ነክሳ አጠበቀችው፤ የተረፈውን በመቀስ አስተካከለች።

«ውይ!» ተናኘ ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ሕዝቅኤል እየመጡ ነው። ፊትሽን ወደ ውሃው አዙሪ! እንኪ፣ ቶሎ አጥልቂው!»

ጋሽ ሕዝቅኤል የቸርቹ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሐይቁን ዳር ይዘው ይመጣሉ። ጽጌ ከበርጩማዋ ተነሣች። ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ መንገዱ ዞረች።

«ጋሽ ሕዝቅኤል! እንዴት አደሩ?»

ሽማግሌው ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። «ማን ነሽ ልጄ... ጽጌ? ዳላስ አይደለሽም እንዴ?»

«አልሄድኩም። ካንሰር ነው ያመመኝ፤ የጡት ካንሰር። ባለፈው ለጸሎት ወደ ቤታችን የመጡ ቀን ከግድግዳው ማዶ ተኝቼ ድምፅዎን እሰማ ነበር።»

ተናኘ ዊጉን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የጋሽ ሕዝቅኤል ዓይን የማያፍርበት ቦታ ሲፈልግ እጇ ላይ ባለው ጸጉር የለበሰ መንጠቆ ላይ አረፈ።

«ጌታ ይማርሽ ልጄ... እና... ይሄ ይይዛል?»

«አሁን እናየዋለን።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ ስልካቸውን አወጡ።

«አለቀ» አለች ተናኘ። «ሳይመሽ ሁሉም ይሰማል።»

«ይስማ።»

«ውሸታም ነው የሚሉኝ።»

«ዋሽተሻል እኮ።»

የተናኘ ዓይን ሞላ። «ስምሽን ከበሽታው ስም ጋ እያነሡ እንዳያሟርቱብሽ ብዬ ነው። ክፉ አስቤ መሰለሽ?»

«ክፉ አላሰብሽም። ግን ሳልሞት ቀበርሽኝ እትዬ። እስካለሁ ድረስ ሰው ይየኝ። ያዘነም ይዘን፣ ያማም ይማኝ።»

የማጥመጃ ዘንጉን አንሥታ መንጠቆውን ወረወረች። ጂጉ ውሃው ላይ ከተንሳፈፈው የሊሊ ቅጠል ማዶ ጠብ አለ። የዘንጉ ክር እየላላ፣ እየላላ ሄዶ ጂጉ የሐይቁን ወለል ሲነካ በጣቷ ታወቃት። ትንሽ ሳበች። አቆመች። ደግማ ትንሽ ሳበች።

የተናኘ ስልክ ጮኸ። ማን እንደሆነ አይታ ኪሷ ውስጥ መለሰችው። ወዲያው ደግሞ ጮኸ።

ያን ጊዜ ክሩ ወደ ጎን ሄደ። ጽጌ ዘንጉን በሙሉ ኃይሏ ወደ ላይ መነጨቀችው። ዘንጉ ተቆልምሞ ጫፉ ውሃውን ነካ፤ ከሥር አንድ ከባድ ነገር ራሱን እያራገፈ ወደ ጥልቁ ጎተታት። አንድ እርምጃ ወደ መድረኩ ጫፍ ተንሸራተተች።

ሁለት ክንዶች ከኋላ ወገቧን ቆለፉ። ተናኘ ጫማዋን አውልቃ፣ ባዶ እግሯን በርጥቡ እንጨት ላይ ተክላ፣ ጉንጯን እህቷ ጀርባ ላይ ለጥፋለች። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ይጮኻል።

«ሳቢ!» አለች፣ ያ ሁሉ ዎክ የሚያደርግ ሰው ዞሮ እስኪያይ ድረስ። «ሳቢ እንጂ! ይዤሻለሁ!»