የተዋሰው ስም

ታላቅየው በብሔራዊ መታወቂያ ምዝገባ ጣቢያው በር ላይ የታናሽ ወንድሙን ክንድ ያዘ።

"ዛሬ ስምህን እመልስልሃለሁ።"

"ተው እንጂ! ዲግሪህስ?" አለ ታናሹ እየሳቀ።

"ይቅርብኝ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ሊሰጥ ነው። አሻራችን አንዴ ከገባ በኋላ ልመልስ ብልም አልችልም።"

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ታናሹ ስንሻው ነበር። በስንሻው ሰርተፍኬት ውጭ አገር ሄዶ የተማረው ግን ታላቅየው ነው። ሲሄድ የራሱን የቀበሌ መታወቂያ ትቶለት ሄደ። ስንሻውም ከዚያ ወዲህ በታላቁ ስም ይርዳው እየተባለ በግንበኝነት ኖረ።

ተራቸው ደረሰ። ታናሹ ቀድሞ ተቀመጠ።

"ሙሉ ስም?" አለች መዝጋቢዋ።

"ይርዳው ወልደሰንበት።"

"አይደለም!" አለ ታላቅየው። "እሱ ስንሻው ነው። ይርዳው እኔ ነኝ።"

መዝጋቢዋ ግራ ገብቷት ቀና አለች። "ጋሼ፣ ታዲያ ማን ብዬ ልመዝግብ?"

ከኋላቸው ወረፋ የያዘችው የታናሹ ልጅ የትምህርት ቤት መታወቂያዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። አጎቷን እያየች መታወቂያውን ቀስ ብላ ዘረጋችለት።

"እኔስ የማን ልጅ ልባል ነው?"

መታወቂያው ላይ "ወይንሸት ይርዳው" ይላል።

ታናሹ በይርዳው ስም አሻራውን ሰጥቶ ተነሳ። ታላቅየው በቦታው ተቀመጠ።

"እርስዎስ፣ ሙሉ ስም?"

ጣቱን ማሽኑ ላይ አኖረ።

"ስንሻው" አለ።