የመሠረቱ ልክ

ሳህሉ ሐረር ውስጥ፣ በሐኪም ጋራ ግርጌ ለሚሠራው ጤና ጣቢያ የሥራ ለኪ ነበር። ቀጣሪው ኮንትራክተር አቶ እንደሻው ያስቆፈሩትንና ያስገነቡትን በሜትር ለክቶ ይጽፋል፣ ይፈርማል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤትም ፊርማውን አምኖ ይረከባል።

በ1957 ዓ.ም. ጥር ላይ ግን አንድ ውሸት ፈረመ። የመሠረቱ ጥልቀት አንድ ሜትር ከሃምሳ ተብሎ ተጻፈ፤ እውነቱ አንድ ከሃያ ነበር።

«ከታች ጭንጫ ነው፤ ዝም ብለህ ፈርም» አሉት አቶ እንደሻው።

ፈረመ። አፈር የለበሰ መሠረት ማን ያየዋል?

ከፋሲካ በኋላ ወደ ወይንሸት ቤት ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። ወይንሸት ስልክ ቤት ትሠራለች፤ ቤተሰቦቿ ከአያቶቿ ዘመን ከመሀል አገር መጥተው የሰፈሩ የሐረር ነባር ናቸው። እሱ ከቡልጋ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እሷን ካጣ ሌላ ላያገባ ለራሱ ምሏል።

በጾሙ መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ወደ ሥራው ቦታ መጡ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ግንቡን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ሄዱ። በማግስቱም መጡ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ግንበኛ ዓሊዪ ጠጋ አለው።

«ሴትየዋ ስላንተ ይጠይቃሉ። የአባትህን ስም፣ የአያትህን፣ አገርህን።»

«ምን ፈልገው?»

«ወላሂ አላውቅም። ‹መሠረቱን አጣራለሁ፤ ኋላ ጉድ እንዳይወጣ› ነው የሚሉት።»

ሳህሉ ክው አለ። እስከ አያቱ ስሙ የሚጠየቅ ተከሳሽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣ። አንዱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት ቁጥር ያገኛል። አንድ ቅዳሜ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ አሮጊቷን ከአንድ የፖሊስ መቶ አለቃ ጋር ሲያወሩ አያቸውና የያዘውን በርበሬ ትቶ ወጣ። በሳምንቱ ከቡልጋ የአጎቱ ደብዳቤ ደረሰው። «ሰው መጥቶ ስለ ቤተሰባችን ሲጠይቅ ዋለ። ምን አጥፍተህ ነው ልጄ?»

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ዓርብ አልቻለም። አቶ እንደሻው ዘንድ ገባ።

«ጋሼ፣ እውነተኛውን ልክ ልጽፍ ነው።»

«አብደሃል? ዛሬውኑ ከሥራ ትወጣለህ!»

«ልውጣ። ታስሬ ወይንሸትን ከማጣ ይሻለኛል።»

አንድ ከሃያ ብሎ ጻፈ፤ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት መሐንዲስ በእጁ ሰጠ። መሐንዲሱ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ።

«ራስህ መጥተህ ስለተናገርክ አንከስህም» አለው። «መሠረቱ ግን ይታረማል።»

ሳህሉ ሥራ ፈት ሆኖ ወጣ፤ ደስ ግን አለው። ከእንግዲህ ከወይንሸት የሚለየው ነገር የለም። ዕቃውን ሊሰበስብ ሲመለስ አሮጊቷ እዚያው ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። አልፈራቸውም።

«እማማ፣ በከንቱ አይድከሙ» አላቸው። «የመሠረቱን እውነት ተናግሬያለሁ። አንድ ሜትር ከሃያ ነው።»

አሮጊቷ ከድንጋዩ ተነሡ።

«የምን ሜትር ነው ልጄ? እኔ የወይንሸት አክስት በለጡ ነኝ፤ ሰባት ቤት ስቆጥር ሰንብቼ፣ አምስተኛው ላይ ተገናኛችሁብኝ።»