አርፈሽ ተቀመጪ

«እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉና በእግርዎ ብቻ ይነሡ» አለች ብፅዓት።

ፋጡሜ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ፊት አዘነበለች። ጉልበቶቿ ተንቀጠቀጡ። ከወንበሩ አንድ ስንዝር እንኳ ሳትነሣ ተመልሳ ዘፍ አለች። ልጇ ኢልሃም ከቆመችበት ተስፈንጥራ ብብቷን ያዘቻት።

«ተዪያቸው» አለች ብፅዓት ቀስ ብላ። «ራሳቸው ይሞክሩ።»

ፋጡሜ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ አዳልጧት ከወደቀች አራት ወር አልፏታል። ደሴ ተወስዳ የዳሌዋ አጥንት በብረት ተያዘ። አጥንቱ ገጥሟል ተባለ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ቆማ አታውቅም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ብፅዓት ከሚሴ ያለው ቤታቸው ድረስ ስትመጣ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«ትንሽ ይረፉ» ብላ ብፅዓት ደብተሯን ገለጠች። ወደ ኢልሃም ዞራ፣ «ከመውደቃቸው በፊት ቤት ውስጥ ምን ምን ይሠሩ ነበር?» ስትል ጠየቀቻት።

«ምንም» አለች ኢልሃም። ሁልጊዜ የምትኮራበት መልስ ነበር። «ከገጠር፣ ከጨፋ ካመጣናት ስምንት ዓመቷ። ውሃውን እኔ እቀዳለሁ፣ ልብሱን እኔ አጥባለሁ። ገበያ መሄድ ከፈለገች ባጃጅ በር ድረስ ይመጣላታል። ምንም አናሠራትም።»

እውነቷን ነው። ፋጡሜ ባሏ የሞተባት ገና በሠላሳ ዓመቷ ነበር። የማሽላ ነዶ በጀርባዋ እየተሸከመች፣ ከቦርከና ወንዝ ውሃ እየቀዳች ሁለት ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ኢልሃምና ወንድሟ ሙህዲን ሥራ ሲይዙ ወደ ከተማ አመጧትና፣ «ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት። ጎረቤቶቿ፣ «ለእኛም እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይሉ ነበር።

ብፅዓት የጀመረችውን ጽሑፍ አቆመች።

«ምነው?» አለች ኢልሃም።

«ሴት የወር አበባዋ ሲቆም አጥንቷ ቶሎ ቶሎ ይሳሳል። ጡንቻም አብሮ ይከዳል። የሚያቆያቸው ሥራ ነው፤ በልክ የሆነ ሸክም። ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት፣ ትንሽ ክብደት ማንሣት፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን።» ወደ ፋጡሜ አየት አደረገች። «ማንም አልነገራችሁም። የብዙ ሰው ቤት እንዲህ ነው።»

«ማረፏ ነው የጎዳት?»

«መውደቅ ማንንም ያገኛል። ጉልበት ቢኖራቸው ሲያዳልጣቸው ራሳቸውን ይይዙ ነበር ይሆናል። እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም።»

ኢልሃም ትዝ አላት። እናቷ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት ከቧንቧው ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥላ ግቢው መሃል ደርሳ ነበር። ኢልሃም ሮጣ ቀማቻት። «ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ጮኸችባት። ፋጡሜ ባዶ እጇን እያሻሸች ሳቀች፤ «እጄን በላኝ እኮ» አለቻት። ከዚያ በኋላም ኢልሃም ሥራ ስትውል የእህሉን ጆንያ ከጥግ ጥግ እየጎተተች ቤቱን ትጠርግ ነበር። መቼ እንደተወችው ኢልሃም አታውቅም።

«እማ» አለች ከወንበሩ ሥር እየተንበረከከች። «እኔ ነኝ እኮ…»

«ጨሊሲ! ዝም በይ!» ፋጡሜ ስትቆጣ ወደ ኦሮምኛው ትሄዳለች። ድምፅዋን መልሳ ዝቅ አደረገች። «ስምንት ዓመት እንደ ንግሥት አኖርሽኝ። አገር ምድሩ ቀንቶብኛል። ይሄን አታበላሺብኝ።»

ኢልሃም አንገቷን ደፋች።

«ልጄ» አለች ፋጡሜ ወደ ብፅዓት ዞራ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ለማሽላ አጨዳው ጨፋ ወርጄ እርሻዬን በእግሬ እዞረዋለሁ?»

ብፅዓት ደብተሯን ከደነች። «መራመጃ ብረት ተደግፈው እደጅ ድረስ ይወጡ ይሆናል፣ በርትተው ከሠሩ። ከዚያ በላይ ብዬ አልዋሽዎትም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ፋጡሜ። ጣቶቿ የሻሿን ጫፍ ይጠመዝዙ ነበር። «በይ እንሥራ።»

አራት ጊዜ ሞከረች። በአራተኛው ከወንበሩ ተነሥታ ወገቧ ሳይቀና አየር ላይ ቆየች። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ላቧ በአገጭዋ ይወርዳል። ከዚያ ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም።

ብፅዓት ስትወጣ ኢልሃም እስከ በሩ ሸኘቻት።

«አንቺስ ስንት ዓመትሽ ነው?» ስትል ጠየቀቻት ብፅዓት።

«አርባ ሦስት።»

«ጀምሪ» አለቻት ብፅዓት። «ከእሳቸው ጋር አብረሽ ሥሪ።»

ኢልሃም ስትመለስ እናቷ ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ደከመኝ። አልጋዬ ላይ አጋድሚኝ።»

ሁልጊዜ አንሥቶ የሚያስተኛት ሙህዲን ነው። ዛሬ ለሥራ ኮምቦልቻ ሄዷል። ኢልሃም አንድ እጇን ከእናቷ ጀርባ፣ ሌላውን ከጉልበቶቿ ሥር አስገባች። እግሮቿን አንፈራጥጣ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ኩንታል እንደሚያነሣ ሰው ጥርሷን ነክሳ ብድግ አደረገቻት።

ካዘጋጀችው ጉልበት ገሚሱ ተረፋት። እናቷ እንደ ባዶ ቅርጫት ወደ ላይ መጣች፤ ግንባሯ የኢልሃምን አገጭ ሊመታው ምንም አልቀረውም።

ፋጡሜ አንገቷን አቀፈቻት።

«ቀስ በይ የኔ ልጅ» አለች በጆሮዋ። «ከባድ ነኝ። ወገብሽን እንዳልጎዳሽ።»

ኢልሃም ክፍሉ መሃል ቆመች። አልጋው ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ይቀራታል።

«አዎ እማ» አለቻት። «ከባድ ነሽ።»